አባየ ቤተክርስቲያን ሂዷል

ይሄን ከመፃፌ በፊት ወንድሜን አስፈቅጃለሁ። «ፃፊው፣ ስሜን ግን እንዳታነሺ፣ ደግሞ ደካማ አስመስለሽ እንዳትፅፊኝ» ነው ያለኝ። ስሙን አላነሳም፣ እቤት ሁላችንም አያ ነው የምንለው፣ እዚህም አያ ነው። ሁለተኛውን ግን እንጃ፣ የደከመው ሰው ደከመኝ ካላለ ምን ሊል ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። አያ ሚኒሶታ ነው፣ ሴንት ፖል። እንደዛ ስል ሰው ሁሉ «ታድሏል» ይለኛል፣ እኔም ለብዙ ዓመት የምለው እንደዛው ነበር። እኛ ሰፈር አሜሪካ ገባ ማለት በቃ ተገላገለ ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ለሱ የሚጨነቅ የለም፣ እንዲያውም መጨነቅ የሱ ስራ ይሆናል፣ ለኛ።

አያ የወጣው በ1998 ነው። ከ97 ምርጫ በኋላ የነበረውን ግርግር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፣ ተማሪ ነበር፣ ጓደኞቹ ሲታፈሱ እሱ ሁለት ሌሊት ጨሞጋ ማዶ ዘመድ ቤት አደረ፣ በሶስተኛው ቀን አባየ ራሱ ደጀን ድረስ ሸኝቶት የአባይን በረሃ ወርዶ ሄደ። ከዛ አዲስ አበባ፣ ከዛ ሞያሌ፣ ከዛ ኬንያ። እማየ ሞያሌን በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ «ያ ልጀን የዋጠው አገር» ነው የምትለው።

ሰባት ዓመት ከምናምን ካኩማ ቆየ። ካኩማ ሰሜን ምዕራብ ኬንያ ቱርካና ውስጥ ያለ ካምፕ ነው፣ በፈረንጅ 1992 የተከፈተ፣ ሙቀትና አቧራ ነው። ሀበሾቹ ቡና ቤት ከፍተው፣ ቤተክርስቲያን ሰርተው፣ እንጀራ ጋግረው ይኖራሉ። በቅርቡ አያ «ካኩማ ደህና ነበርኩ» ሲለኝ አላመንኩትም። እንዴት ሆኖ ስለው እንዲህ አለኝ፣ «እዛ እኮ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። ኬዝ አለህ፣ ኢንተርቪው አለህ፣ ሜዲካል አለህ፣ ዝርዝር ሲለጠፍ ወደ ሰሌዳው ትሮጣለህ፣ ስምህ የለም፣ ተራግመህ ትመለስና ቡና ትጠጣለህ፣ አጠገብህ ያለውም ስሙ የለም፣ ትሳሳቃላችሁ። ሚኒሶታ ስትገባ የምትጠብቀው አለቀ፣ ደረስክ። ከደረስክ በኋላ ከፋኝ ብትል ማን ይሰማሃል?»

የገባው የ2006 የገና ሰሞን ነው። ያን ሰሞን ሚኒሶታ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ገዥው በስቴቱ ሙሉ ትምህርት ቤት አዘግቶ ነበር። ከቱርካና በረሃ ተነስቶ በቀጥታ እዛ ውስጥ። የገና ዕለት ደውሎ «በረዶው እንዴት እንደሚያምር ብታዩት» አለን፣ እኛም ደስ አለን፣ አባየ «በረዶ ደግሞ ምኑ ያምራል፣ ገብስ የሚያጠፋ» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን አያ ከቤት አልወጣም፣ መስኮቱ ስር ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር የደወለው። ይሄን ያወቅኩት ከአስር ዓመት በኋላ ነው።

እዚህ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፣ የአውሮፕላኑ ትኬት በነፃ አይደለም። አይኦኤም የሚባለው ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት ይቆርጥልሃል፣ ወለድ የለውም፣ ግን ብድር ነው፣ ከገባህ ከወራት በኋላ በየወሩ መክፈል ትጀምራለህ። የሚቀበልህ ድርጅት ደግሞ ዋና ስራው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ነው፣ ቤት ይፈልግልሃል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ያስወጣልሃል፣ ጤና ምርመራ ይወስድሃል፣ ከዛ ስራ ግባ ነው። አያ በሶስተኛ ወሩ አንድ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ገባ። እኛ ደግሞ በአራተኛ ወሩ ጀመርን። ቆርቆሮ። የእህቴ ሰርግ። የአጎቴ በሬ። የኔ ኮሌጅ። ይሄ ፋርማሲ ውስጥ ያቆመኝ ዲፕሎማ በሱ ሌሊት የተገዛ ነው፣ ይሄን ስፅፍ ራሱ እጄ ይከብደኛል።

በፈረንጅ 2005 ላንሴት የሚባለው የህክምና መፅሄት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ ምዕራብ አገር የሰፈሩ ወደ 7,000 የሚጠጉ ስደተኞች ላይ የተሰሩ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ያየ። ከ10 ስደተኛ አንዱ ገደማ ፒቲኤስዲ አለበት ይላል፣ ማለትም ያየው መከራ ካለፈ በኋላም በህልሙ በውኑ እየተመላለሰ የሚያስበረግገው። ከ20 አንዱ ደግሞ ከባድ ድባቴ። መጀመሪያ ሳነበው «ታዲያ ዘጠኙ ደህና ናቸዋ» ነበር ያልኩት። አያ ግን ሳነብለት የሰንበት ማህበራቸውን ሰው በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ ስም እየጠራ፣ እኔ አቁም እስክለው። እና ነገሩ ደግሞ ጥለውት የመጡት መከራ ብቻ አይደለም፣ የደረሱበትም አለ፣ ቋንቋው፣ ብቸኝነቱ፣ ሲማር የኖረ ሰው ካርቶን ሲሸከም ማደሩ፣ ወር በመጣ ቁጥር ከቤት የሚላክ «እንደው ካለህ» የሚል መልዕክት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ እየሸሸሁት ነው።

አባየ የሞተው ሰኔ 2015 ነው። ሁለት ቀን ታሞ። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሳይቀድ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ጉልበት ያለው ጎረቤት ከኋላ ይቆማል፣ ሲወድቅ የሚይዘው መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው፣ ከዛ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ለሳምንት ቤቱ ሰው አይጎድልበትም። ይሄን ኋላ ቀር የሚል ሰው ሲገጥመኝ እናደዳለሁ። ያን ቃል ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ የተበጀ ነገር ነው።

ሽማግሌዎቹም ያንኑ ነው ያሉት። «ልጁ ብቻውን ነው፣ በስልክ ነግረነው አንድ ነገር ቢሆንስ፣ እዛው ያሉ ሰዎች ተሰብስበው ያርዱት» ተባለ። እዛ የአክስታችን ልጅ አለ፣ የትራክ ሹፌር ነው፣ እሱ ሰው አሰባስቦ እንዲነግረው ተላከበት። እሱ ካሊፎርኒያ መንገድ ላይ ነበር፣ «ስመለስ» አለ። ሲመለስ አያ ኦቨርታይም ላይ ነው። አያ ሲያርፍ እሱ ቴክሳስ ነው። እንዲህ እያለ ሐምሌ ተጋመሰ።

አያ ደግሞ በየእሁዱ ይደውላል። አባየን አገናኙኝ ይላል። እማየ ትመልሳለች፣ እሷ ካልቻለች እኔ። አባየ ቤተክርስቲያን ሂዷል። አባየ ተኝቷል ልጀ፣ ሲያስለው አድሮ። አባየ ቡሬ ሂዷል ለቅሶ ሊደርስ፣ ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ካልኩት በኋላ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላ ይዤ አለቀስኩ። ብዙ ጊዜ ግን ቤተክርስቲያን ሂዷል ነበር የምንለው ምክንያቱም አባየ እውነትም የማይጠፋው ከዛ ነው፣ አያ ይሄን ያምናል። እማየ ጥቁር ለብሳ ጥቁር ሻሽ አስራ ስለሆነ ቪዲዮ ከከፈተ ስልኩን ወደ ጣሪያ ታዞራለች። አያ ያን የራሱን ቆርቆሮ እያየ ነበር የሚያወራን።

ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ጠፋ። ለወራት። ስልኩም አንዳንዴ ይሰራል፣ አንዳንዴ አይሰራም፣ የመርዶው ጉዳይ ሁሉም ሰው የራሱን ነፍስ ሲይዝ ተረሳ ማለት እችላለሁ። እዚህ እንዴት እንደነበርን አሁን መፃፍ አልፈልግም። ከሱ በኩል ግን በኋላ የነገረኝ፣ በፈረቃው መሃል ሽንት ቤት እየገባ ዜና ያያል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ የሚል ስም ባየ ቁጥር ይደውላል፣ «የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ድምፅ ጠላኋት ይላል። አንድ ቀን ሲሳካለት ግማሽ ደቂቃ አገኘንና «ሁላችንም ደህና ነን፣ አባየም ደህና ነው፣ ቤተክርስቲያን ሂዷል» አልነው፣ ተቋረጠ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖር ሰው 22 በመቶው፣ ከአምስት አንዱ በሉት፣ የሆነ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። ያ እኛ ነን። እኔ ራሴ ያን ሰሞን በር ሲንኳኳ ሽንቴ ይመጣ ነበር፣ አሁንም የሞተር ሳይክል ድምፅ አልወድም። እና በስልኩ ሁለት ጫፍ ሁለት የታመመ ሰው ተቀምጦ «ደህና ነኝ፣ አንተስ ደህና ነህ፣ ይመስገን» ሲባባል ነበር ማለት ነው።

ጥቅምት 2016 ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመድ የአባየን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። በክፋት አይደለም፣ አያ የሰማ መስሎት ነው። ሻማ ያለበት ፍሬም፣ ነፍስ ይማር ጋሸ፣ አራት ወርህን ምናምን የሚል። አያ ያየው በነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ እረፍት ላይ ሳንድዊች እየበላ ነው። ምን አደረግክ ብዬ ጠየቅኩት።

«ፈረቃውን ጨረስኩ» አለኝ።

ካርቶን መጫኑን ቀጠለ። አጠገቡ አንድ የካረን፣ የበርማ ብሔረሰብ ነው፣ ልጅና አንድ ሶማሌ ነበሩ፣ ለማንም አልተናገረም፣ በምን ቋንቋ ይናገር፣ ሲነጋ በአውቶብስ ወደ ቤቱ ሄዶ በሩን ቆልፎ ወለሉ ላይ ተኛ። ስንት ሰው በተጠነቀቀለት፣ ስንት ሽማግሌ በመከረበት ነገር ያ ሰው ያን ቃል የሰማው ብቻውን ነው፣ ሲወድቅም የያዘው የለም።

አምስት ሳምንት አልደወለም። እኛ ኔትወርኩ ነው አልን። እኔ በዛ አምስት ሳምንት ውስጥ ምን ብዬ እንደፃፍኩለት ልናገር፣ ኢንተርኔት ስለሌለ በኤስኤምኤስ፣ «አያ ስልኬ ስክሪኑ ተሰብሯል፣ ካለህ» ብዬ። አሁንም ስልኩ ውስጥ አለ መልዕክቱ፣ አላጠፋውም ይለኛል ሲያበሽቀኝ።

በዛ መሃል ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ሄዷል። ልቤን ወጋኝ ብሎ። ድንገተኛ ክፍል አስገብተው የልብ ምርመራ አደረጉለት፣ ልቡ ምንም የለበትም። ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረኛል፣ ጨጓራዬ ነው፣ አላቸው። እኔ ይሄን ስሰማ አልገረመኝም፣ ፋርማሲ ውስጥ በቀን ስንቴ ነው የማየው፣ ልጇ የሞተባት እናት የጨጓራ መድኃኒት ትገዛለች፣ በሚቀጥለው ወር ትመለሳለች፣ ኪኒኑ አልሰራም ቀይሪልኝ ትላለች። እኛ ጋ ሀዘን በጨጓራ በኩል ነው የሚመጣው፣ ወይም በራስ ምታት።

የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚ መጣለት። አስተርጓሚው እንዴት ዋልክ ሲል ንግግሩ የጎጃም ነው፣ ቀና ብሎ ሲያየው ደግሞ እሁድ እሁድ አብረው የሚያስቀድሱት ሰው። አያ ምን ይበል? «ጨጓራዬን ነው» ብሎ ወጣ። ሰውየው ምስጢር እንዲጠብቅ ህጉ ያስገድደዋል፣ ይጠብቅም ነበር ይሆናል፣ ግን ቅዳሴ ላይ በተያየን ቁጥር እኔ የማስበው ያን ነው ይላል አያ። ይሄን የማነሳው እዛ ያላችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው፣ አሜሪካ የመንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ እና የማውቀውን ሰው አልፈልግም፣ በስልክ ይሁንልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በስልክ የሚያስተረጉመው ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ፊትህን አያይም። ልጅህን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ይቅር፣ የአስር ዓመት ልጅ እናቱ መሞት ትመኛለች ብሎ በሁለት ቋንቋ መናገር የለበትም።

ሁለተኛው ቀን በስልክ ሆነ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ፣ ቃሉ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅፅ አለ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይሄ ይሄ ምን ያህል ተሰምቶሃል የሚል። አስተርጓሚዋ «ምን ያህል ደብሮሃል?» አለችው። አያ «ኧረ አይደብረኝም፣ ስራ ይበዛብኛል» አለ። እኛ ደበረኝ የምንለው መብራት ጠፍቶ ኳስ ሲያመልጠን ነው እኮ! አሁን ሚዲያው ድባቴ እያለ ለምዶታል፣ ጥሩ ቃል ነው፣ ግን አያ አገር ቤት እያለ ድባቴ የሚል ሰው አልነበረም፣ ባለሙያ ሲፅፍ የመንፈስ ጭንቀት ይላል፣ እማየ «ሆዱን ባር ባር አለው» ነው የምትለው። ቢጠይቁት ኖሮ በዛ ነበር የሚመልሰው። ሆድህን ባር ባር ይልሃል ወይ፣ ሰው ያስጠላሃል ወይ፣ እህል አልዋጥ ይልሃል ወይ። ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ብለህ አስበህ ታውቃለህ የሚል ነው። የለም አለ። በሀበሻ ሴት ድምፅ ተጠይቆ እንዴት አዎ ይበል።

ህዳር መጨረሻ ላይ ደወለ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ሰላምታ የለም። «ሰባት ጊዜ» አለኝ። «ሰባት ጊዜ ቤተክርስቲያን ሂዷል ብላችሁኛል። ቆጥሬዋለሁ።» የምናገረው ጠፋኝ፣ ዝም ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ፣ እሱ አላለቀሰም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ትንሽ ቆይቶ «እታለም፣ መኖር ደከመኝ» አለኝ፣ እንደዛ ቀስ ብሎ፣ ውሃ አምጭልኝ እንደሚል ሰው።

ስልጠና ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ መጠየቅ ሃሳቡን አይዘራበትም፣ እንዲያውም ይቀለዋል የሚል። ስልጠና ላይ ቀላል ነው። የታላቅ ወንድምን «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ» ማለት ግን ነውር ነው፣ ሀጢያት ነው፣ ሟርት ነው፣ ምላሴ ታሰረ። ግን አልኩት። ዝም አለ። ዝም ያለበትን ጊዜ እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ከዛ «አስቤ አውቃለሁ» አለኝ። የት ነህ፣ ማን አለ አጠገብህ፣ እቤት ምን አለ፣ ይሄን ሁሉ ጠየቅኩት፣ መለሰልኝ። አንድም ጊዜ አላመናጨቀኝም።

ያን ሌሊት የአክስታችን ልጅ ጭነቱን ዊስኮንሲን አራግፎ ሄደለት። አንድም ምክር አልሰጠውም፣ ሶፋው ላይ ተኛ፣ ጠዋት እንቁላል ጠበሰ፣ አስር ቀን እንደዛ አደረገ። የመከሩት ሽማግሌዎች ያሰቡት ሰው እሱ ነበር፣ አምስት ወር ዘገየ እንጂ መጣ። እዛ ያላችሁ ደግሞ 988ን ያዙት፣ በፈረንጅ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መኖር ለከበደውና ለጨነቀው ሰው በማንኛውም ሰዓት የሚነሳ ነፃ ቁጥር ነው፣ አማርኛ ብላችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። አያ ያን ሌሊት አልደወለበትም፣ በሌላ ሌሊት ግን ደውሎበታል።

ከዛ የድባቴ መድኃኒት ተጀመረ፣ ሰርትራሊን የሚባል። በአምስተኛው ቀን ደውሎ «አይሰራም፣ ማቅለሽለሽ ብቻ ነው» አለኝ። እዚህ ላይ የፋርማሲ ልጅ ሆንኩበት። ይሄ ኪኒን እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓቱ የሚሰራ አይደለም፣ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ይቀንሳል፣ ሱስ አያስይዝም፣ ግን ተሻለኝ ብለህ በራስህ ድንገት አታቋርጠው፣ ለሀኪምህ ነግረህ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ሶስት ጊዜ ደገምኩለት። ስድስተኛው ሳምንት ላይ «ትናንት ሽሮ ሰራሁ» አለኝ። ያን ያህል ነው፣ ሌላ ለውጥ የለም፣ ሽሮ ሰራ።

እማየ ደግሞ ፀበል ነው ያለችው። አንድ መንገደኛ አፈላልጋ እምነትና ፀበል በሃይላንድ ላከችለት፣ ውሃው ኤርፖርት ተጣለ፣ እምነቱ ደረሰ። ወንድሜ የተማረ ነው፣ ይስቃል ብዬ ነበር፣ በየማታው ግንባሩን ይቀባል። እኔ ፀበል የሚሄድን ሰው አልቃወምም፣ የምቃወመው ኪኒኑን ጣል የሚለውን ነው። በ1999 አቡነ ጳውሎስ በይፋ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው ስንት ሰው ነው የተረፈው፣ ይሄስ በምን ይለያል።

የምትገርመው መብራቷ ናት። ሚኒሶታ ታህሳስ ላይ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች፣ ሌሊት ሰርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ጭራሽ የለችም ማለት ነው። ሀኪሙ ቫይታሚን ዲ አዘዘለት፣ ደግሞ 10,000 ሉክስ የሚባል መብራት ግዛና ስትነሳ ግማሽ ሰዓት ፊት ለፊቱ ተቀመጥ አለው። ይሄን ለእማየ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ኧረግ! አየ ልጀ፣ ፀሐይ ገዝቶ የሚሞቅ» ብላ አነባች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ጠዋት ደጅ ላይ ስትቀመጥ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ «ያንተንም ልሙቅልህ» ትላለች ለብቻዋ።

ለቅሶው የተደረገው ጥር ላይ ነው። አባየ ከሞተ ሰባት ወሩ። የአክስቴ ልጅ የማህበሩን ሰው ጠራ፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ውስጥ አርባ ሰው ገባ፣ ጫማው ኮሪደሩን ሞላው፣ ያ አስተርጓሚውም ነበር፣ ንፍሮ የቀቀለው እሱ ነው አሉ። ኢንተርኔት ስላልነበረ በመደበኛ ስልክ ደወሉልን፣ ድምፁን ከፍ አደረግነው። እማየ ስልኩን እንደ ሰው ፊት አስቀምጣ አለቀሰች፣ ጎረቤት ሌላ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣና ነገሩ ሲገባው ቁጭ ብሎ አብሮ ማልቀስ ጀመረ። እማየ ሙሾ አውጭ አይደለችም፣ ግን ጎጃም አይደለች፣ ያን ቀን እንዲህ አለች፣

«አባትህ ቤተስኪያን ነው ብየህ ነበረ፣
አልዋሸሁም ልጀ፣ በዛው ነው የቀረ።»

እውነት ነው፣ አባየ የተቀበረው እዛው ነው፣ ከቅኔ ማህሌቱ በስተጀርባ። ሰባቱንም ጊዜ ወርቁን እየነገረችው ነበር፣ የደረሰው ሰሙ ብቻ ሆኖ እንጂ። ስልኩ ውስጥ የሆነ ድምፅ ተሰማ፣ የአያ ነው፣ እንደ ልጅ ነበር የጮኸው፣ የሚይዙት ሰዎች «አይዞህ፣ አይዞህ» ሲሉ ይሰማል። አስራ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየው፣ ሂሳቡ ስንት እንደመጣ አልነገሩንም።

ከዛ በኋላ ዳነ ብዬ አልዋሽም፣ ውሸት በቅቶኛል። ዘንድሮም ኪኒኑን ይወስዳል። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ ስደተኛ ማስፈሩን ስታቆም ካኩማ የቀረው ጓደኛው ኬዝ ቆመና አያ ሁለት ሳምንት ስራ አልገባም፣ «ወንበሩን የወሰድኩበት እኔ ነኝ» ሲለኝ ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። አሁን ግን ይናገራል። እኛም ብር ሲቸግረን እንጠይቃለን፣ አልቀረም፣ ግን መጀመሪያ እንቅልፍ እንዴት ነው እንለዋለን፣ ደህና ነኝ ካለ እማየ «የምን ደህና፣ ስንት ሰዓት ተኛህ?» ትለዋለች፣ እንደ ነርስ።

ባለፈው እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደወለ፣ እዛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ከፈረቃ ገና መግባቱ፣ ገና አልነጋም። እማየ ቡና እየቆላች ነበር። «እንዳታወሩኝ፣ ዝም ብላችሁ ስልኩን እዛ አስቀምጡልኝ» አለን። ረከቦቱ አጠገብ አስደገፍነው። ቡናው ሲንጣጣ፣ እማየ ስትወቅጥ፣ እኔና ጎረቤታችን የሽንኩርት ዋጋ ስናማ፣ እሱ ምንም አይልም። ሁለተኛው ሲቀዳ ከስልኩ ውስጥ ማንኮራፋት መጣ። ጎረቤታችን ሳቀች። እኔ ልዘጋው እጄን ስሰድ እማየ እጄን መታችኝ፣ «ተይው ይተኛ» አለች፣ ድምፃችንን ቀንሰን ሶስተኛውን ጠጣን፣ በረካው ላይ ጥቅሉ አለቀና ተቋረጠ።